አራት ጣት ተኩል

አርባ ዓመት ሙሉ ብረት ሳሽከረክር፣
በምድር ባቡሩ ቶርኖ ቤት ስዳክር፣
የቀኝ ትንሽ ጣቴን ግማሽ ከፍዬበት፣
ጡረታ ስወጣ ጀመርኩ ፍየል ማርባት።

አምስት ገዝቼ ገባሁ፣ መልካ ጀብዱ ወርጄ፣
ጠጉራቸው ሲያብረቀርቅ በዓይን ብቻ ወድጄ፤
ደብተር አዘጋጀሁ፣ በቀይ የተሰመረ፣
ማን ስንት እንደ በላ፣ ማን ስንት እንደ ጨመረ።

ዴቃ አጥሩን ተደግፋ አየችኝ።
በድርቁ ዓመት ሰማንያ ቀብራ
ከተረፉት ሰባት መንጋ ያቆመች ሴት ናት፤
«ደብተሩን ጣለውና፣ ፍየሏን ዳብሳት።»

መዳፌን ወስዳ ከቀይዋ ወገብ ላይ አኖረች፦
«ምን አገኘህ?»
«አጥንት።»
«ምን ዓይነት አጥንት?»
ዝም አልኩ፣ ቶርኖ አዋቂው።
ጨብጥ አለችኝ፤ የቡጢዬን ጉብታ አስዳበሰችኝ፦
«እንዲህ ከቆረቆረህ ከስታለች፣ ቀልባት።
እንደ እጅህ ጀርባ ከሆነ፣ ለማርባት ተዋት።
አጥንቱ ከጠፋብህ ደልባለች፣ ገበያ አውጣት።»

ደግሞ የዓይኗን ቆብ ገለበጠች፦
«እንደ ሮማን ፍሬ ከቀላ፣ ሰላም ነው።
እንደ ታጠበ አቡጀዴ ከነጣ፣
ትል ነው ደሟን የጠጣ፤
ሐኪሙ ጋ ሂድ። መድኃኒቱን በክብደቷ ስፈር፣
በጎረቤት ወሬ አታጠጣ።»

ሰማሁ። ግን ችኩል ነኝ።
የባቡር ሰው ልማድ ነው፤ ሞተር ከደከመ ነዳጅ ይጨመራል።
የጫት ገረባና የግራር ፍሬ የለመደውን ጥቁሩን ሙክት
በአንድ ማታ በበቆሎ ሞላሁት።
ነጋ።
ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣
እግሮቹን ዘርግቶ።
ዴቃ አልተቆጣችም።
«ሆድ ቦይለር አይደለም» አለች፣
«መጀመሪያ እፍኝ ነው፤ ሲለምድ፣ ሁለት እፍኝ።»
ጉድጓዱን እኔ ቆፈርኩ።

ለአረፋ ገበያ አንዱ ሙክት ደረሰ።
ደላላው ሮብሌ ሽርጡን ጣለ፣ እጆቻችን ተሸፈኑ፤
ከጨርቁ በታች ጣት ነው የሚናገረው፣
አንዱ ጣት አንድ ሺህ።
መዳፌን ዘረጋሁ፦ አምስት!
ጨበጠ፣ ዳበሰ፣ ትንሽ አሰበ፣
ራሱን ነቀነቀ፣ ተስማማን።
ብሩ ሲቆጠር አራት ሺህ ከአምስት መቶ።
«አምስት አላልኩህም?»
«እጅህን ተመልከታ!» አለኝ።

ዴቃ ሳቋን መቆም አቅቷት ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፦
«ፍየል መዳበስ አስተማርኩህ፤
አንተንም እንደሚዳብሱህ መንገሩን ረሳሁ!»

ያን ሌሊት ቀይዋ መንታ ወለደች።
ኋለኛው ደካማ ነበር፣ ራሱን አያቀናም።
አፉ ቀዝቅዞ እንደሆነ ለማወቅ ጣትህን አስገባ ተብያለሁ፤
ፋኖሱ ጠፍቶ ነበርና በጨለማው
የቀረበችኝን አስገባሁ፣
ጉማጇን።
አፉ ሞቅ ያለ ነው።
ጡት መስላው ያዛት፣
ሳብ፣ ሳብ፣
ስንት ዓመት ማንም ያልፈለጋትን።