ሦስት ደቂቃ

አርባ አንድ በጋ ሙሉ ቡሽ ስልጥ ኖሬአለሁ፤
ግንዱን ሳላቆስል ልብሱን መግፈፍ አውቃለሁ።
ልጠን ስንጨርስ፣ በነጭ ቀለም፣ በግንዱ ላይ
የዓመቱን ኋለኛ ቁጥር እንጽፋለን፣ ለሚመጣው እንዲታይ።
ከዚያ ዘጠኝ ዓመት መጥረቢያ አይነካውም።
እዚህ አሌንቴዡ ውስጥ መጠበቅ ሥራ ነው፤ ማንም አያፍርበትም።

ጉልበቴ ሲለግም መጥረቢያውን ሰቀልኩ፤
ሞተር ብስክሌቴን ኤቮራ ወስጄ በቴሌስኮፕ ለወጥኩ።
እህቴ ዠርትሩዴስ «ሰማይ ላይ ምን ጠፋብህ?» ብላ ትስቃለች፤
የትራክተሩን ባትሪ ሳወጣ ግን አብራኝ ትሸከማለች።
ጤዛ መስተዋቱን ሲያለብሰው የማሞቅበትን
የጸጉር ማድረቂያ የሰጠችኝም እሷ ናት፤ የራሷን።

ጨረቃ የሌለችበት የመጋቢት ሌሊት።
አሰድ ከወይራው በላይ ጋማውን አራግፎ ወጥቷል፤
ከጭኑ ስር ሦስት ጋላክሲ ተጠጋግተው ተኝተዋል።
በዓይን ቢፈልጓቸው የሉም፤
በቴሌስኮፑም ቢሆን ጉም፣
ሕፃን መስኮት ላይ እፍ ያለችው ትንፋሽ።
ያ ብርሃን ሲነሳ ሰው ገና አልተፈጠረም።
ሠላሳ አምስት ሚሊዮን ዓመት ሲጓዝ የከለከለው አልነበረም፤
ግቢዬ ሊገባ አንድ አጥር ሲቀረው
የጎረቤቴ የፊሎሜና አምፖል ቦግ አለና ዋጠው።

አዲስ ነው። ነጭ ነው። ዶሮዎቿ የነጋ መስሏቸው ጮኹ።
በዱላዬ እየተመራሁ፣ ቃሌን እየሳልኩ፣ በሯን አንኳኳሁ።
ከፈተች፤ በሌሊት ልብሷ ላይ የባሏን ኮት ደርባለች።
ሳልናገር አወቀችው።
«ዠርማኖ ነው» አለች፤
«ሌሊት እየተነሳ በቅሎውን ፍለጋ ይወጣል።
በቅሎዋ ከሞተች ሃያ ዓመቷ። ጉድጓድ እንዳይገባብኝ ነው መብራቱ፤
እኔም ሰው ነኝ ኢዚድሮ፣ እንቅልፍ ይጥለኛል።»

የሳልኩት ቃል ሁሉ አፌ ውስጥ ዶለዶመ፤
እግሬም እንደ ጉቶ ደጇ ላይ ቆመ።
ዠርማኖ! እሱ ከቅርንጫፍ፣ እኔ ከስር፣ ባንድ ዛፍ ስንሠራ፣
«እንጨቱን አትስማ፣ ክፍተቱን ስማ» ይለኝ ነበር፣ መጥረቢያችን ሲያስተጋባ በተራ።
«መብራቱን አጥፊና እሱን ለኔ ስጪኝ» አልኳት።
«አንቺ ተኚ።»

ብርድ ልብስ አልብሼ ከጎኔ አስቀመጥኩት፤
ቀዩን የእጅ ባትሪ አደራ ብዬ አስያዝኩት።
አንዱ ፎቶ ሦስት ደቂቃ ነው፤ ካሜራው ተከፍቶ ይጠጣል፣
ይዘጋል፣ ደግሞ ይጠጣል።
ዠርማኖም በየሦስት ደቂቃው፣ ምንም እንዳልተነገረው፣
ዞር ብሎ በጨዋ ሰው ድምፅ፣ «የምንጠብቀው ምንድን ነው?»

መጀመሪያ «ጋላክሲ» አልኩት።
ቀጥሎ «እንግዳ፣ ከሩቅ የመጣ።»
ቀጥሎ «ብርሃን» ስለው ሳቀ፤ «እሱማ ጧት ራሱ ይመጣ!»
ሰባተኛው ላይ መልስ አለቀብኝና «ቡሹ እስኪደርስ» አልኩ።
«ግንዱ ላይ ስንት ይላል?»
«ስድስት።»
«ገና ነው» ብሎ ወንበሩን ተደገፈ፤
ያን ጊዜ ብቻ ሁለት ፎቶ ሙሉ በዝምታ አለፈ።

አሥራ ዘጠነኛው ላይ «በቅሎዬ!» ብሎ ተነሳ፤
እግሩ የቴሌስኮፑን እግር መታ።
ከዋክብቱ በሙሉ ጅራት አወጡ።
«ይቅርታ» አለኝ፣ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ፣ «ይቅርታ።»
እጁን ያዝኩት። የመጥረቢያው ጠባሳ አውራ ጣቱ ላይ አሁንም ሻካራ ነው።

ሲነጋ ሠላሳ ስምንት ፎቶ ነበረኝ።
አንዱ ብቻውን ጫጫታ ነው፤
ኮምፒውተሩ ሲደራርባቸው ግን ጫጫታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣
እዚያ የነበረው ይቀራል።
ወጡ፣ ቀስ እያሉ። አንዷ በጎኗ ቆማ፣ ወገቧን ጥቁር አቧራ ታጥቃ፤
ሁለቱ ክንዳቸውን ጠቅልለው።
ዠርማኖ ስክሪኑን ቁልቁል አየና
«ትናንትም እዚህ ነበሩ?» አለ።
«ነበሩ» አልኩት።

አሥራ ዘጠነኛውን ኮምፒውተሩ ከሥዕሉ አውጥቶ ጣለው።
እኔ አሳትሜ ከመጥረቢያዬ ጎን ሰቀልኩት፣
ጥግ ላይ በነጭ ቀለም የዓመቱን ኋለኛ ቁጥር ጻፍኩበት።

ፊሎሜና ፀሐይ ጣራዋን እስኪያግል ተኝታ ነበር አሉ።
ዛሬም ጨረቃ የለችም።
አምፖሏ እስካሁን አልበራም።