የሽምብራ ውሃ

አርባ ዓመት ሥጋ ሸጠ አባቴ በፓይሳንዱ፣
ከወደቡ ሽቅብ ሲወጡ፣ በግራ በኩል፣ ከመንገዱ።
ቢላው መገጣጠሚያውን ሳያይ ዳስሶ ያገኛል፤
«አጥንት መንገድ ያሳይሻል፣ ከታገሥሽው» ይለኛል።
በኛ አገር ሰንበት ማለት የጎድን ጥብስና ጭስ፤
ሰላጣ ለዓይን ያህል ነው፣ ሳህኑን ለማልበስ።

ልጄ ሉሲላ ግን፣ ጥርሷ ገና እየወጣ፣
እንቁላል ከንፈሯን ቢነካው ፊቷ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ እያለ መጣ።
ወተቱም እንደዚያው ሆነ። ሐኪሙ በቀይ እስክሪብቶ
ዝርዝር ሰጠኝ፤ ግማሹ ጓዳዬ ጎደለ፣ በአንድ ወረቀት ተሸኝቶ።

ሥጋውን ግን ራሷ ተወችው፣ ማንም ሳይላት ተይ፤
በሰባት ዓመቷ፣ ከባንኮኒው ማዶ ቆማ፣ እያየች ወደ ላይ፣
«አያቴ፣ ይሄኛው» አለች፣ ወደ መንጠቆው እየጠቆመች፣
«ስሙ ማን ነበር?»
               መልሱን ቆማ ጠበቀች።
አባቴ ቢላውን በጨርቅ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገው፤
ንጹሕ ነበር፤ የሚለው ቢያጣ ነው እንዲያ ያደረገው።
በወሩ ሱቁን ሸጠ፣ ጉልበቴን አሞኝ ነው ብሎ፤
አልጠየቅነውም፤ ሰው ይኖራል ከምክንያቱ ኋላ ተከልሎ።

ስምንት ልትሞላ ሳምንት ሲቀራት ቻሃ አማራት።
ቻሃ በወፍ ስም የሚጠራ ኬክ ነው፣ የከተማችን ኩራት፤
ከላይ እስከ ታች፣ አረፋውም ዳቦውም፣ እንቁላል፤
መሃሉ ክሬም፣ ኮክ በስኳር፤ ያለ እሱ ልደት መች ይባላል?
«ይሠራል» አለ አባቴ። ሁላችን ዞር ብለን አየነው፤
ከጥብስ በቀር እሳት ላይ ምንም ጥዶ አያውቅም፣ ሰውዬው።
ጎረቤታችን ዶኛ ኦርፊሊያ ሹክ ብላው ኖሯል ለካ፤
«የሽምብራ ቅቅል ውሃ አይደፋም፤ ምታው፣ ሰማይ እስኪነካ።»

ማክሰኞ ዘፈዘፈ፤ ረቡዕ ቀቀለ፤ ውሃው ወፈረ፣ ቀዘቀዘ፤
የሱቁን ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ከሣጥን አውጥቶ ያዘ።
መታ፣ መታ፣ ክንዱ እስኪዝል። ውሃ ነው። ደግሞ መታ። ውሃ።
«ዶኛ ኦርፊሊያ አብዳለች» አለ። ሐሙስም ሞከረ። ያው ውሃ።

አርብ ሌሊት ወጥ ቤት መብራት አየሁ፤ ተቀምጧል ብቻውን፣
እንደ ጥንቱ፣ ሳያይ፣ በጣቱ ይዳስሳል ሳህኑን።
«ሞራ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ታጥቦም ታጥቦም አልለቀቀም።
የአርባ ዓመት ስብ ነው፤ እሱ ባለበት አረፋ አይዘልቅም።»
ሎሚ ቆረጠ። ሳህኑን በሎሚና በጨው አሸው፤
ጠርዙን፣ ሥሩን፣ ስንጥቁን፤ ሊነጋጋ ድረስ አልተወው።
አንድም ቃል አልተነጋገርን። እኔ ተልባውን ወቀጥሁት፤
እንደ ልማዱ ተንጫጫ፤ ባንድ ሙቀጫ ጸጥ አሰኘሁት።
ሙቅ ውሃ ሲነካው ግን ይዝለገለጋል፣ ይያያዛል፤
ዱቄትና ዘይቱን እንደ እንቁላል አቅፎ ይይዛል።

ከዚያ መታው። መጀመሪያ ጉም፣ ቀጥሎ ወተት መሰለ፤
ቀጥሎ በረዶ ሆነና ከሹካው ጫፍ ተንጠለጠለ።
ሳህኑን ከራሱ በላይ ገለበጠው፤ ጠብ አላለችም አንዲት፤
እንዲያ ሲስቅ ያየሁት ድሮ ነው፣ እናቴ ሳለች በሕይወት።

ክሬሙን ከኮኮናት አወጣን፤ ኮኩ ባለፈው በጋ ያሸግነው።
አረፋው ምድጃ ውስጥ ባንድ ወገን ትንሽ ጠቆረ፤
ኬኩም ወደ መስኮቱ አዘነበለ፤ እንደዚያው ሆኖ ቀረ።

ሉሲላ ቀመሰች። ክርሽም አለ። ከንፈሯን አየን፣ ጠበቅን፤
ያበጠ የለም፤ ተነፈስን፣ እርስ በርስ ተሳሳቅን።
«አያቴ» አለች፣ አፏን ሞልታ፣ ጉንጯ ላይ ስኳር ተጣብቆ፣
«ይሄኛውስ ስሙ ማን ነበር?»
                        አባቴ እጁን በጨርቅ አድርቆ፣
«ሽምብራ» አላት።
             «ሽምብራ ብቻ?»
                          «ሽምብራ ብቻ።»

ለካስ ኬክ የሚፈልገው ውሃውን ነው። ሦስት ድስት ሽምብራ ተረፈ፤
እሑድ በነጭ ሽንኩርት፣ ሰኞ በቲማቲም፣ እንዲህ ሳምንቱ አለፈ።
አሁንም አንድ ማሰሮ ሙሉ አለ፤
ከመጣችሁ፣ እባካችሁ፣ ብሉልን።