መዞሪያ ፍለጋ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ በረዶው ሲከመር፣
ቢጫውን መኪና ይዤ ከግቢ ስበር፣
አራሽ ነኝ እላለሁ፣ ለራሴ ስቀልድ፣
ነጭ መሬት አርሶ ባዶ እጁን የሚሄድ።
ደመወዜ ከወረዳ ነው፤ ነዳጁም፣ ጨውም፤
ስለቱም የወረዳ ነው። በረዶው ግን አይደለም።

በዚህ በፖላንድ መንገድ ዘር ማንዘር አለው፤
የአገር፣ የክፍለ ሀገር፣ የወረዳ፣ የቀበሌ ነው።
ለየአንዳንዱ ቁጥር፣ ለየአንዳንዱም አለቃ፤
አስፋልቱ ግን በውርጭ ሌሊት ሁሉም እኩል የሚነቃ።

የኦልሺንካ መንገድ ትልቅ ሰው ነበር፤
በቀይ ሰሌዳ ላይ ቁጥሩ ሲከበር፣
ወደ ባሕር የሚወርድ የከባድ መኪና ሰልፍ
የወይዘሮ ሃልሽካን መስኮት አንቀጥቅጦ ሲያልፍ፣
ሳህን ከመደርደሪያው ወድቆ ሲሰበር፣
"መንግሥት መጣ" ትል ነበር።

ኋላ ከጫካው ማዶ ፈጣኑ መንገድ ተሠራ፤
ሪባን ተቆረጠ፤ አሮጌው ያን ዕለት ተሻረ።
ሹም ሽር ለሰው ብቻ አይደለም ለካ።
አገር ለክፍለ ሀገር ሰጠ፣
ክፍለ ሀገር ለወረዳ፣
ወረዳም ደህና ደህናውን ይዞ
የቀረውን ወደ ቀበሌ ገፋው፤
ክርኑ የተቀደደ ካፖርት
ከታላቅ ለታናሽ እንደሚደርስ።
"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይላሉ፤
ይሄኛው ግን ሲሾም የተበላ ነው፣ በጎማ፤
ሲሻር ነው ሣር ያየው።

አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ከሦስት መቶ ሃያ፣
የዘመመ የበርች ዛፍ አለ፤ እሱ ነው መለያ።
እዚያ የእኔ ሕግ ያልቃል።
ስለቱን አነሳለሁ፤ መሪውን እጠመዝዛለሁ።
ከዛፉ ወዲያ በረዶ፣ እስከ ጉልበት፣
ከበረዶው ወዲያ መስኮት፣ የማይጠፋ መብራት፣
ፊደል ያስቆጠረችኝ ሴት።

የቀበሌው ትራክተር አንድ ነው፤ እሱም ጊርቦክሱ ተሰብሮ
ሊቀመንበሩ ጓሮ ቆሟል፤ ያድርበታል ዶሮ።

ሃልሽካ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ በዚያው በጥቁር ሰሌዳ እጇ።
አገሩ መለሰ፦ "ከመዝገባችን ወጥቷል።"
ክፍለ ሀገሩ፦ "አስረክበናል።"
ወረዳው፣ በአለቃዬ ፊርማ፦ "እስከ ዛፉ ብቻ።"
ቀበሌው፦ "በሕግ የእኛ ነው፤ በበጀት የማንም።"
እሷም ለአራቱም በአንድ ቀን፣
አንድ መስመር ላከች፦
"በረዶው የየትኛው መሥሪያ ቤት ነው?"

ጥር አጋማሽ ላይ፣ አንድ ሌሊት፣
ስለቱን ማንሳት ረሳሁ።
ረሳሁ ነው የምለው፤ እጄ ግን ማንሻው ላይ ነበር።
አጥሯ ድረስ ሄጄ፣ በሯ ጋ ዞሬ፣
የመንገዱን ሌላ ጎን እየጠረግሁ ተመለስሁ።
ከመጋረጃው ኋላ አንድ ጥላ
እጁን አላውለበለበም፤
መነጽሩን አስተካከለ፣ በቃ።

ጠዋት ቤኖን ጠራኝ፣ የመዝገብ ቤቱ ቤኖን።
ሳተላይት ነግሮበታል፤ ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመር፣
"ስለቱ ወርዶ፣ ከድንበር ውጪ፣ ስድስት መቶ አርባ ሜትር!
ነዳጁ የማን ነው? ጨውስ? ኦዲተር ቢመጣ?"
"መዞሪያ ስፈልግ ነው" አልሁት።
ዝም ብሎ አየኝ። እሱም በልጅነቱ
ከእኔ ኋላ ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጠው።
"ምክንያት" ከሚለው ሣጥን ውስጥ
"መዞሪያ ፍለጋ" ብሎ ጻፈ፤
ቀጥ ባለ፣ ባልተዛነፈ ጽሑፍ፣
እሷ እንዳስተማረችን።

አሁን በረዶ በጣለ ቁጥር
ቅጹ ቀድሞ ተሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀኛል፤
የሜትሩ ቦታ ብቻ ባዶ ነው።
ትናንት ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አስገባሁ፤
ወፍጮ ቤቱ ጋ ሌላ መብራት አየሁ።