ከዚህች በቀር

ሰኔ ነው፤ ኬይሌን ላይ ዝናቡ አያባራም፤
ምድጃው ያጨሳል፣ እሳቱ አይበራም።
ዶኛ ኤርሚንዳ መጣች፣ ዲስክ በሹራብ ጠቅልላ፣
አንድ ጆንያ ድንች አስከትላ፣ «ደሞዝህ ነው» ብላ።

«የአባቴ ፎቶዎች አራት ሺህ ከምናምን ናቸው፤
ድረ ገጹ ላይ አሉ፤ ግን ማን አያቸው?
ማዶ ደሴት ያሉ የአጥማጅ ሚስቶች ሲከፍቷቸው፣
ፊት ከመድረሱ በፊት ካርድ ነው የሚያልቅባቸው።»

እውነቷን ነው። ፎቶ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፦
ሰማይ ይቀድማል፣ ባርኔጣ ይከተላል፣ ግንባር ነው ቀጥሎ የሚመጣው፤
ዓይኑ ሊደርስ ሲል ካርዷ አልቆ ትቀራለች፤
አንዷ ባሏን፣ አሉ፣ እስከ ቅንድቡ ብቻ አይታዋለች።

ጻፍኩ እንግዲህ። አሥራ ዘጠኝ መስመር ነው፦
አቃፊውን ክፈት፤ ያለውን ሁሉ በየተራ አንሣው፤
ወርዱ ከስምንት መቶ ቢበልጥ አሳንሰው፤
ቁመቱም ይከተል፣ የሰው ፊት እንዳይጣመም፤
ጥራቱ ስልሳ ይሁን፤ ከዚያ በታች ነው ምስል የሚታመም።
በሌላ አቃፊ አኑር፤ ዋናውን እንዳትነካው።
(ይህችን የመጨረሻዋን ከመጽሐፍ አልተማርኳትም፤
የእህቴን ሠርግ ፎቶ ጠይቋት፤ አንድም አልቀራትም።)

ማታ ለቀቅኩት። እኔ ድንች ቀቀልኩ፤
ቁጥሩ በጥቁር መስኮት ሲወርድ እያየሁ ላጥኩ፣ በላሁ፣ ጠበቅኩ።
ዘጠኝ ሜጋ የነበረው መቶ ኪሎ፣ ሰባት የነበረው ሰማንያ፤
የሞቱት ቀለሉ፣ ያልሞቱትም ቀለሉ፣ እንደተራገፈ ጆንያ።
አንዷ ግን ከሁሉ ባሰች፤ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሰባት ቁጥር፦
ሰው የለባት፣ ቤት የለባት፣ ግራጫ ሰማይ በግራጫ ባሕር፤
ከዘጠኝ ሜጋ ወደ አሥራ አንድ ኪሎ ወረደችልኝና ኮራሁ፤
«ባዶ ነገር እንዴት ይታመቃል!» ብዬ ለብቻዬ አወራሁ።

ጠዋት አሳየኋት። እየሳቀች በየስማቸው ጠራቻቸው፣
ጀልባ አናጢውን ሲልቬሪዮን፣ መንትያዎቹን ከነቅጽላቸው።
ሰባተኛዋ ጋ ዝም አለች።
ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች፤
«እዚህ ጋ አንድ ጥቁር ነገር ነበር።»
«ባሕር ነው» አልኳት። «ነበር» አለች፤ «ነበር።»

ዋናውን ከፈትኩ። አጎላሁ፤ ደግሜ አጎላሁ፤
በአድማሱ ጠርዝ ላይ አራት ነጥብ፣ አቧራ የመሰለ፣ አየሁ።
«ባውዲሊዮ ነው፣ ወንድሜ። አባቴ ከወደቡ ሆኖ ያነሣው፤
ከዚያ ወዲህ ማንም አላየው።»

ኮዱ ምን ያድርግ? ጎረቤቱን ነው የጠየቀው፤
ዙሪያው ያለ ውሃ ሁሉ «እኔን ይመስላል» ቢለው፣
አመነና ውሃ አደረገው።
አንዴ ባሕሩ፤ አንዴ እኔ።

ሃያኛ መስመር ጨመርኩ፦ ቁጥሩ ይህ ከሆነ፣ እለፈው።
ቃሉ ጎረበጠኝ። ያለፈን ሰው?
«አትንካው» ብዬ ቀየርኩት። ማሽኑ ይህን አያውቅም፤
ቀይ ጽፎ ቆመ፤ ብለምነውም አይንቀሳቀስም።
መልሼ «እለፈው» አልኩት።
አለፈው።

አሁን ገጹ እንደ ቦይ ውሃ ይፈሳል፤
እዚያች ላይ ብቻ ሲደርስ ያነክሳል።
ሰማይ ብቻ ነው ለረጅም ጊዜ፤ ብዙው ሰው አይጠብቅም።
ኤርሚንዳ ስልኳን መስኮቱ ላይ አስደግፋ
ድንች ትልጣለች፣ ባሕሩ እስኪደርስ።