ግልባጩ

ሌርዊክ፣ ወደቡ ዳር፣ ከላውሪ የሱፍ መጋዘን፣
ቆሜያለሁ ከጧት ጀምሮ፣ እጄ ከቱባ ቱባ ሲባዝን።
ዳማ አለ፣ ዳለቻ አለ፣ አመድማ አለ፣ ቡላ፣
በጉ እንደ ለበሰው፣ ማቅለሚያ ያልነካው ገላ።
ወዲያ የተነከረው አለ፦ የመልሕቅ ዝገት የመሰለ ቀይ፣
በታኅሣሥ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲል የሚጨልመው የኛ ሰማይ።
ከጥጉ ለስላሳው አለ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣው፣
ጉንጭ ቢያስነኩት የሚያባብል፣ ሻካራውን ማሽን ያወጣው።

ላውሪ "ይሄን ውሰጂ" አለኝ። "አይሆንም" አልኩት፣ "ይከዳል።
የኔ ሹራብ መቀስ ያያል፤ ልስልሱ ሲቆረጥ ይናዳል።"
የሚታመነው ሻካራው ነው፤ ጸጉሩ ከጸጉር ተናክሶ፣
ቢቆርጡት እንኳ አይለቅም፤ ይጣበቃል መልሶ።

ከዚያ አንዱን አነሣሁ። ዳማ ነው፣ ዳማም አይደለም፤
ዝናብ የጠጣ ረግረግ፣ ጫፉን ፀሐይ ሳትስመው አታልፍም።
"የማነው?" አልኩ። ላውሪ መነጽሩን ወለወለ፣
"የፌትላር ነው" አለ፣ "የኦስላ"፤ ወደ መስኮት ዞሮ ዝም አለ።

ኦስላ እኅቴ ናት።
ሰባት ዓመት አልተነጋገርንም።

አባታችን ሲያልፍ በዕጣ ቤቱ ለኔ፣ በጎቹ ለሷ ወጡ፤
አንድ የድንጋይ አጥር መሐል ቀረ፤ ቃላት እዚያ ላይ ተላላጡ።
በአንድ መርከብ እንሻገራለን፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣
ነፋሱ ለሁለታችንም ያው ነው፤ አይመርጥ፣ አያዳላ።

"ስምንት ቱባ ስጠኝ" አልኩ፤ ነጩንም፣ አመድማውንም ጨመርኩ፣
ቆጥሬ ከፈልኩ፤ ለምን እንደሆነ ለራሴም አልነገርኩ።

ክረምቱን ሙሉ ሠራሁት። ሦስት መቶ ሃያ ዓይን በዙር፣
ቀኝ እጄ ላይ የሷ ዳማ፣ ግራዬ ላይ ነጩ ሲሽከረከር።
ሁለት ክር ነው አብሮ የሚሄድ፤ አንዱ ፊት ወጥቶ ሲናገር፣
ሌላው በጀርባ ያልፋል፣ ድምፁ ሳይሰማ፣ እሱ ሳይቀር።
ያን ዝምተኛ ክር ነው ታዲያ ሰው ሁሉ የማይችልበት፤
ሲያጠብቁት ደረት ያንቃል፣ ሲያላሉት ጣት ይገባበት።
አንድ ሌሊት ስለ አጥሩ አስቤ፣ ተናድጄ፣ ጠበቀብኝ፤
ጧት ሳየው እንደ ተኮሳተረ ግንባር ተጨማዶ ጠበቀኝ።
ዐሥራ አንድ ዙር ተረተርኩ፤ የተረተርኩትን በእንፋሎት አቃናሁት፣
የነበረበትን አልረሳም፤ ከነትዝታው መልሼ ሠራሁት።

በመጋቢት መቀስ አነሣሁ።
እስከዚያ በርሜል ነበር፣ ድፍን፤ ደረቱ ገና ያልተከፈተ፤
የአራት ወር ድካም ልሰነጥቅ ስል ትንፋሼ ተጎተተ።
ቆረጥኩ። ከአንገት እስከ ወገብ። ድምፁ በረዶ ላይ እንደሚረግጥ ሰው፣
ደረቅ ነው። ክሩ ግን አልተተረተረም፤ ያ ሻካራው ጸጉር ያዘው።

በሚያዝያ ለበስኩት። የጧቱ መርከብ ሰልፍ፣
ዝናቡ በአግድም ሲገርፍ።
ኦስላ ዞረች። ዓይኗ ፊቴ ላይ አልዋለም፤ ደረቴ ላይ ዋለ፣
በጎቿን ለይታ ታውቃለች፤ ከንፈሯ የሆነ ስም አለ።
መጥታ፣ ሰላም ሳትለኝ፣ ሳትጠይቀኝ፣ ጠርዙን ያዘች፣
እናታችን እንዳስተማረችን ገልብጣ ውስጡን አየች።
ፊቱን መንገደኛም ያደንቃል፤
የሚያውቅ ሰው ግልባጩን ነው የሚያነበው።
አውራ ጣቷ ዝም ያሉትን ክሮች አንድ በአንድ ሲዳብስ፣
መርከቡ ጡሩንባውን ነፋ፤ ሰው ሁሉ ወደፊት ሲገሰግስ።

"አንድ ቦታ ጠብቆብሻል" አለች፣ "ብብቱ ሥር።"
"አዎ" አልኩ።
"እጅጌውም ረዝሟል።"
"አዎ።"
ጠርዙን ግን አልለቀቀችም።
ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ ሄድን።