«ቆይ» የምትል ነጥብ

ሣጥኑ ጉምሩክ ላይ ሦስት ቀን ከረመ፤
ደረቁ በረዶ ተነነ፣ ደከመ።
መኮንኑ «ምንድነው?» ሲል አረብኛዬ አጠረኝ፣
ፀረ እንግዳ አካል የሚለው ቃል ከምላሴ ጠፋኝ፤
«ዓይን ነው» አልኩት፣ «ከጥንቸል የተቀዳ፣
አንድ ነገር ብቻ የሚያይ፣ ለሌላው እንግዳ።»
ሳቀ፤ ማህተሙን አንሥቶ
አሳለፈኝ፣ ወረቀቴን መትቶ።

ብልቃጧ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አትበልጥም፤
የወር ደሞዜ ግን አይገዛትም።
ከዜሮ በታች ሃያ ላይ አስተኛኋት፣
ክዳኗ ላይ ቀኑን ጽፌ፣ በቁጥር መዘገብኋት።

ጥንቸሏን አላውቃትም። የየት አገር ሣር እንደነጨች፣
መርፌው ሲያርፍባት ደንግጣ እንደሆን ወይ ዝም እንዳለች።
ከእሷ የተረፈው ይኸው ነው፤ ደሟ የያዘው ቂም፣
እሷ ሞታ እንኳ የማይደክም።

ፕሮቲኑ አንድ ነው፤ ትናንትም ዛሬም ያው፣
ልዩነቱ ከሰንሰለቱ አሥራ አምስተኛ ቀለበት ላይ ነው፤
እዚያ ፎስፌት ካረፈች ህዋሱ ይቆማል፣
ከተነሣች ለሁለት ይከፈላል።
ነጥቧ «ቆይ» ናት። ሌላ ቃል የላትም።
ይህች የጥንቸል ዓይን ደግሞ ነጥብ አልባውን አታይም፤
በአጠገቡ ታልፋለች፣
ኢቃማ እንጂ ፊት የማያነብ ፖሊስ ትመስላለች።

ጀማሪ ሳለሁ ሽፋኑን በዱቄት ወተት ነከርኩ፣
እንደተማርኩት፣ ሌሊቱን ሙሉ ጠበቅኩ፤
ጠዋት ሁሉም ጠቁሮ ተገኘ፣ ከዳር እዳር ጥላሸት።
ሱዳናዊው ዶክተር ሙዘሚል፣ ሳቁን ውጦ፣ «የኔ እህት፣
ወተትም እኮ ነጥብ የሞላው ነው፤
ነጭ ሁሉ ባዶ ነው ያለሽ ማነው?»

ዛሬ ሌሊት ስድስት ሰዓት። ሮዋና ወደ ማደሪያዋ ሄዳለች።
ማቀዝቀዣው ያጓራል፤ ከመስኮቱ ማዶ ደማም በላብ ተጠምቃለች።
ደማም! በኛ ቋንቋ ውብ ማለት ነው፣ ደም ያላት፤
ይህን እዚህ ለማን ልንገር? ስሟን እኔ ብቻ ሁለቴ ሰማኋት።

በጨረር ያቆሰልናቸው ህዋሶች ትናንት ተፈጭተው፣
ሽፋኑ ላይ በክብደት ተሰልፈው፣
የጥንቸሏን ዓይን ገና አፍስሼባቸው
ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ዘምዘም ናት፣ የሐይቅ ልጅ፣
ማዳሟ ስትተኛ የምትደውል፣ ከልብስ ማጠቢያው ደጅ።
«ኹሩጁስ?» አልኳት። «ሰውየው ምን አለ?»
«ያው፤ ‹ቆይ› አለ።»
የፈረመችው ለሁለት ዓመት ነበር።
አሁን አምስተኛው ነው።

ላጽናናት ብዬ ሥራዬን ነገርኳት፤
«ህዋስ ሲሰበር ነጥቧ ‹ቆይ› ትለዋለች» አልኳት፣
«የተበጠሰው ክር እስኪቀጠል ድረስ፣
ስብራቱን ለልጆቹ እንዳያወርስ።»
ዝም አለች። የማጠቢያው ውሃ ሲዞር ይሰማኛል።
«እኔስ» አለች፣
«ምኔ ተሰብሮ ነው?»

መልስ ስፈልግ ስልኩ ተዘጋ። ማዳም ነቅታ ይሆናል።

ከዚያ የፍየሏን ጨመርሁ፤ የሷ ሥራ ማሳበቅ፣
ጥንቸሏ የቆመችበትን በብርሃን ማድመቅ።
ሊነጋ ሲል ፊልሙን አነሣሁ። ሠላሳ አራት ላይ
ጥቁር መስመር፣ በማስመሪያ የተሰመረ መሳይ።
ጨረር የነካቸው ሁሉ «ቆይ» ተብለዋል፤ ቆመዋል።
ዶክተሩ እሑድ ሲመጣ ደስ ይለዋል።

የመጨረሻው ረድፍ ግን ባዶ ነው፣
ነጥቧን በኢንዛይም የላጥንለት፣ ለማነጻጸሪያ ያስቀመጥነው።
ፕሮቲኑ እዚያ አለ። በገዛ እጄ ነው የጫንሁት፤
ዓይኗ አላየችውም። የለም ብላ አለፈችው።
አዛኑ ከወደ ባሕሩ ሲጀምር
በጓንቴ ጫፍ ባዶውን ቦታ ነካሁት፤
የተለቀቀ፣ ለካ፣ አይታይም።

ዘምዘምም እንዲሁ፣ አንድ ሌሊት፣
ከዚህ ፊልም ትጥፋ።