የማስታወሻ ዓምድ

ከቃሊቲ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሰልችቶት ኮረኮንች ሲሆን፣
ከድልድዩ ሥር፣ በአቃቂ ወንዝ፣ ነጭና ጥቁር ምሰሶ አለን።
በሰነዳችን ላይ «ጣቢያ ቁጥር ሰባት»፤
በሰፈሩ ግን «የዱግማ እንጨት»።

ኦቦ ዱግማ ቦቲውን አጥልቆ፣ ሁለቴ በየቀኑ፣
ወርዶ ያየዋል፤ ስንት ሳንቲ ደረሰ መጠኑ።
ሃያ ስድስት ዓመት፤ ደብተር ሲሞላ ሌላ ደብተር፤
አበሉ ስትመጣ ትመጣለች፤ ብትቀርም ያው ሜትር።

ሳተላይቱ በየስድስት ቀኑ በላያችን ያልፋል፤
በክረምት ግን የደመናን ጀርባ ቆጥሮ ይመለሳል።

እኔ ደግሞ መሪ ነኝ፤ እንዲህ ይላል ደብዳቤው፣
«የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሶፍትዌር፣ የቴክኒክ አስተባባሪ»፤ ማኅተም አርፎበታል ግርጌው።
ከቢሮው ጋር ተፈራርመናል፤ በአራት ቅጂ፤
ሦስቱ መዝገብ ቤት አሉ፤ አንዱ ጠፋ እንጂ።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ናቸው ከመንግሥት ወገን አጋሬ፤
ዝናብ በስማቸው ይዘው ውሃ ቢሮ ገቡ፤ አልወጡም እስከ ዛሬ።
«ደብዳቤሽ ወጪ ሆኗል፣ ገቢ ግን አልሆነም» ይሉኛል፤
በአንድ ሕንፃ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ምድር ቤት፣ ወረቀት ስንት ቀን ይጓዛል?

ባለፈው ማክሰኞ፣ ደብተሮቹን ወደ ኮምፒውተር ስንገለብጥ፣
የአቤኔዘር ጣት ቆመ፤ ነሐሴ ሃያ አንድ ላይ፣ በድንገት፣ ቀጥ።
ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ ኦቦ ዱግማ ቁጥር አልጻፈም፤
እርሳሱን ተጭኖት ፊደሉ እስከ ኋላ ገጽ ወጥቷል፤ አልጠፋም፤
«ውሃው እንጨቱን ዋጠው። አላየሁትም።»

አቤኔዘር ልጅ ነው፤ ጎበዝ ነው፤ ያለ አንዳች ክፋት፣
«እንደ ደንቡ» አለ፣ «ኔጋቲቭ ዘጠኝ ዘጠኝ ዘጠኝ ዘጠኝ እንሙላበት፤
የጎደለ ማለት ነው፤ ፕሮግራሙ ያውቀዋል፤ ዘሎት ይሄዳል።»
እውነቱን ነው። የሙያ ጓደኛ ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል።
እኔው ነኝ ያስተማርኩት፣ በነጭ ሰሌዳ ጽፌ፣
በስንት የጎደለ ቀን ላይ፣ በዚያችው ቁጥር አልፌ።

ያን ዕለት ግን እግሬ እንቢ አለ።

«የጎደለ» ልንል ነው? ከሙላት ሁሉ በሞላው ቀን ላይ?
ውሃው መለኪያውን ራሱን ውጦ፣ ዱግማ ባትሪ ይዞ ዳር ቆሞ ሲያይ፣
«አላየሁትም» ብሎ መጻፍ፤ ከዚህ የበለጠ ንባብ አለ ወይ?

ሐሙስ ማቅረብ አለብኝ፤ ኃላፊው፣ ፕሮጀክተሩ፣ የታሸገ ውሃ በተርታ፤
ሰማያዊ መስመር ይወዳሉ፤ የማይበጠስ፣ የማያመነታ።
ለወይዘሮ ዘነበወርቅ ደወልኩ፤ አንድ ዓምድ ልጨምር እንዲፈቅዱልኝ።
«ቅጹ የጸደቀ ነው፤ ለአንድ ዓምድ ኮሚቴ ይጠራል» አሉኝ።
ከዚያ ዝም። ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማኝ።

«የትኛው ነሐሴ?»
ነገርኳቸው።

«ያን ሌሊት ገላን፣ እህቴ ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ ቆሜ አደርኩ፤
ጠዋት ቢሮ ገባሁና፣ ‹መረጃ የለም› በሚል ወረቀት ፊርማዬን አኖርኩ።»

ትንፋሻቸው ብቻ። ቆይተው፦
«ጨምሪው። ደብዳቤው ከኋላ ይመጣል።»

ጨመርነው። ፊደል የሚቀበል፣ ርዝመቱ ያልተወሰነ።
ፕሮግራሙ ስድስት ቦታ ተሰበረ፤ አቤኔዘር ሁለት ሌሊት ባዘነ።
ሐሙስ፣ ሰማያዊው መስመር መሃሉ ላይ ተበጠሰ፤
የኃላፊው ጣት ተነሥቶ ክፍተቱ ላይ ደረሰ፤
«ይኼስ?»

«እሱ ነው ውሃው» አልኩ።

በጥቅምት አዲስ ደብተር ወሰድኩለት፣ የታተመ፣ ባለ አራት ዓምድ፤
መጨረሻው ሰፊ ነው፤ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ እንዳመጣለት ሊሄድ።
አገላብጦ አየው። መነጽሩን በሸሚዙ ጠርጎ፣
ወርዶ ተመለሰ፤ ጻፈም፣ ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ፦

ጠዋት፣ ሰማንያ አራት።
ማስታወሻ፦ ቦቲው ተቀዷል። የሐምሌ አበል አልመጣም።